በእንግሊዝና ዌልስ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት አፈጻጸም፦ የዕዳ አስፈጻሚው ሥልጣን ምንጭና ወሰን

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝና ዌልስ ያልተከፈለ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት በምን ሂደት ወደ ዕዳ አስፈጻሚ እጅ እንደሚደርስ፣ አስፈጻሚው በመኪናው ባለቤት ላይ ያለው ሥልጣን ከየት እንደሚመነጭና የት ላይ እንደሚያበቃ ይመረምራል። ትንተናው በዋናነት የተመሠረተው በ2004ቱ የትራፊክ አስተዳደር ሕግ፣ በ2007ቱ የይግባኝ ሰሚ አካላት፣ የፍርድ ቤቶችና የአፈጻጸም ሕግ አባሪ 12 እና በ2013 እና በ2014 በወጡት የማስፈጸሚያ ደንቦች ላይ ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ አስፈጻሚው በበር ላይ የሚያሳየው ማዘዣ አከራካሪውን ጉዳይ መርምሮ በወሰነ ዳኛ የተሰጠ ሳይሆን፣ በፖስታ የተላኩ ማስታወቂያዎች ደርሰዋል በሚል የሕግ ግምት ላይ የቆመ ነው። ስለሆነም የባለቤቱ ዋነኛ መከላከያ የሚገኘው አስፈጻሚውን በበር ላይ በመከራከር ሳይሆን ግምቱን በሕጋዊ መንገድ በማፍረስ ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣ ዕዳ አስፈጻሚ፣ የንብረት መቆጣጠሪያ ማዘዣ፣ የመጥሪያ አደራረስ፣ ሊያዙ የማይችሉ ንብረቶች

1. መግቢያ

በእንግሊዝ አገር ማለዳ በሩ ተንኳኩቶ ሲከፍት የዕዳ አስፈጻሚ ቆሞ የሚያገኝ የመኪና ባለቤት፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የገንዘብ መጠን ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠን ይሆንበታል። መኪናውን ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ማቆሙ ያስከተለው 70 ፓውንድ አሁን ከ400 ፓውንድ በላይ ሆኗል፤ መኪናውም ጎማው ላይ መቆለፊያ ታስሮበታል። በዚህ ሰዓት ባለቤቱ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለመሆኑ ይህን ለማድረግ ሥልጣን አላቸውን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ በአንድ ቃል የሚሰጥ አይደለም። አስፈጻሚው የሚጠቀምበት ሥልጣን በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በጥብቅ የተገደበ ነውና።

ጉዳዩ ለሕግና ለማኅበራዊ ጥናት ተመራማሪዎች የሚኖረው ጠቀሜታ ከአንድ መኪና ጉዳይ ያልፋል። የመኪና ማቆሚያ ቅጣት መንግሥታዊ አካል በተራው ሰው ላይ ያለውን ገንዘብ የመጠየቅ መብት፣ ያለ ችሎት ክርክር በጅምላ ለማስፈጸም ከሚጠቀምባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ፈጣንና ርካሽ የሆነ የአፈጻጸም ሥርዓት ፍትሐዊነትንም እንደጠበቀ ሊቀጥል የሚችለው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ በጉልህ ይታያል።

2. ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች

ትንተናው ከመጀመሩ በፊት በተለምዶ የሚቀላቀሉ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በመንገድ ዳር ወይም በአካባቢ አስተዳደር ይዞታ ውስጥ በሚገኝ ማቆሚያ የሚጣለው የቅጣት ክፍያ ነው። በ1991 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ የመኪና ማቆሚያ ጥፋቶችን ከወንጀል ሥርዓት አውጥቶ ወደ አካባቢ አስተዳደሮች የማዛወርን መንገድ ከፈተ፤ ለውጡም መጀመሪያ በለንደን ተግባራዊ ሆነ። ዛሬ የሚሠራበት የ2004ቱ የትራፊክ አስተዳደር ሕግ ክፍል 6 ሲሆን፣ ይህም ከመጋቢት 2008 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ቅጣቱ ዛሬ ወንጀል ሳይሆን ፍትሐ ብሔራዊ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው በገበያ አዳራሽ ወይም በሌላ የግል መሬት ላይ መኪና ያቆመ ሰው ከማቆሚያው አስተዳዳሪ ድርጅት የሚደርሰው የክፍያ ጥያቄ ነው። የዚህ መሠረቱ ውል ነው። የ2012ቱ የነጻነቶች ጥበቃ ሕግ በግል መሬት ላይ የቆመን መኪና መቆለፍን በእንግሊዝና ዌልስ የከለከለ ሲሆን፣ በአንጻሩ አሽከርካሪው ካልታወቀ በመዝገብ የሰፈረው የመኪናው ያዥ ተጠያቂ የሚሆንበትን ሥርዓት ዘርግቷል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2015 በፓርኪንግአይና በቢቪስ መካከል በነበረው ክርክር 85 ፓውንድ የነበረው ክፍያ በሕግ የሚጸና ነው ብሎ ወስኗል። ሆኖም የግል ድርጅት በአውራጃ ፍርድ ቤት ከስሶ ካልተፈረደለትና ፍርዱም ሳይፈጸም ካልቀረ በቀር ዕዳ አስፈጻሚ ሊልክ አይችልም። «የዕዳ ሰብሳቢ» ተብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ወይም በር የሚያንኳኳ ድርጅት ከማንኛውም አበዳሪ የተለየ ሥልጣን የለውም። ከዚህ በታች ያለው ትንተና የሚመለከተው የመጀመሪያውን ዓይነት ዕዳ ብቻ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድም የራሳቸው የአፈጻጸም ሥርዓት ስላላቸው ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ናቸው።

3. ተጠያቂው ማን ነው? ያዥ፣ አሽከርካሪና ባለቤት

በኢትዮጵያ «ሊብሬ» ሲባል አንባቢው ወዲያው የሚያስበው የባለቤትነት ማስረጃን ነው። በእንግሊዝ «ቪ 5 ሲ» የሚባለው የመኪና መዝገብ ሰነድ ግን የባለቤትነት ማረጋገጫ አለመሆኑ በራሱ በሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ የሚያሳየው በመዝገብ የሰፈረውን ያዥ ነው። የ2004ቱ ሕግ በአንቀጽ 92 ለቅጣቱ ዓላማ «ባለቤት» ማለት መኪናውን የያዘው ሰው እንደሆነ ይደነግግና፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ መኪናው በስሙ የተመዘገበው ሰው ያዥ እንደሆነ ይገምታል።

ይህ ግምት ሁለት ውጤቶች አሉት። አንደኛ፣ መኪናውን ያቆመው ልጅ፣ ጓደኛ ወይም ባልደረባ ቢሆንም ዕዳው በተመዝጋቢው ስም ይወጣል። ሁለተኛና ለዚህ ጥናት ይበልጥ አስፈላጊ የሆነው፣ የአካባቢ አስተዳደሩ ደብዳቤ የሚልክበት አድራሻ በአሽከርካሪዎችና ተሽከርካሪዎች ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ያለው ነው። ቤት የለወጠ ሰው አድራሻውን ለዚህ መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ሳያሳውቅ ቢቀር እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ከዚህ ቅጣት በላይ የሚጎዳው ግን ከዚያ በኋላ የሚጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ ወደ አሮጌው በር መሄዳቸው ነው።

4. ከማስታወቂያ እስከ ማዘዣ

ሂደቱ ሰባት ያህል እርምጃዎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። በተለመደው ሁኔታ ተቆጣጣሪው በመኪናው መስታወት ላይ የቅጣት ክፍያ ማስታወቂያ ይለጥፋል። በ14 ቀናት ውስጥ የሚከፍል ሰው ግማሹን ብቻ ይከፍላል። 28 ቀናት አልፈው ካልተከፈለ አስተዳደሩ በፖስታ የባለቤት ማስታወቂያ ይልካል። ተመዝጋቢው ከዚህ በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ወይ መክፈል ወይ በጽሑፍ መቃወም አለበት። አስተዳደሩ ተቃውሞውን ውድቅ ካደረገ፣ ነጻ ለሆነው የትራፊክ ቅጣት ይግባኝ ሰሚ አካል በ28 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል። ገለልተኛ የሆነ ዳኛ ስለ ጥፋቱ ፍሬ ነገር የሚመረምረው በዚህ ደረጃ ላይ ብቻ ነው።

ተመዝጋቢው ዝም ካለ ሂደቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። አስተዳደሩ የክፍያ ጭማሪ ማረጋገጫ ይልካል፤ ቅጣቱም በግማሽ ይጨምራል። 14 ቀናት ካለፉ በኋላ ዕዳው በኖርታምፕተን በሚገኘው የትራፊክ ቅጣት አፈጻጸም ማዕከል ይመዘገባል። ማዕከሉ የአውራጃ ፍርድ ቤት አካል ቢሆንም ጉዳዩን የሚሰማ ችሎት የለውም። ከአስተዳደሮች በጅምላ የሚላኩለትን ዕዳዎች ይመዘግባል፤ የማስከፈያ ትእዛዝም እንዲወጣ ያደርጋል። ትእዛዙ ከደረሰው በኋላ ተመዝጋቢው ለመክፈል ወይም የምስክርነት ቃል ለማቅረብ 21 ቀናት አሉት። እነዚህም ካለፉ አስተዳደሩ የንብረት መቆጣጠሪያ ማዘዣ ያወጣና ለአስፈጻሚ ድርጅት ያስተላልፋል። ማዘዣው የሚጸናው ለ12 ወራት ነው።

የዕዳውን ዕድገት በቁጥር መከታተል ሥዕሉን ያጠራዋል። ከለንደን ውጭ በከፍተኛው ደረጃ የተጣለ አንድ የ70 ፓውንድ ቅጣት በ14 ቀናት ውስጥ ቢከፈል 35 ፓውንድ ነበር። የጭማሪ ማረጋገጫው ሲወጣ 105 ይሆናል። 10 ፓውንድ ያህል የሆነው የምዝገባ ክፍያ ሲታከልበት 115 ይደርሳል። የ2014ቱ የክፍያ ደንብ ሲወጣ በተቀመጠው ተመን መሠረት ጉዳዩ ወደ አስፈጻሚ ድርጅት ሲተላለፍ 75 ፓውንድ ተጨምሮ 190 ይሆናል፤ አስፈጻሚው ወደ ቤት ሲመጣ 235 ተጨምሮ 425 ይሆናል፤ ንብረቱ ለሽያጭ ሲወሰድ ደግሞ 110 ተጨምሮ 535 ይደርሳል፤ ይህም የማከማቻና የሐራጅ ወጪን ሳይጨምር ነው። ከዚህ ውስጥ ጥፋቱን የሚመለከተው 70 ፓውንድ ብቻ ነው። የቀረው 465 ፓውንድ ያደገው ደብዳቤዎቹ መልስ ባለማግኘታቸው ነው።

5. ዝምታ እንደ እምነት ቃል፦ የሕግ ግምቱና መፍረሻው

ሥርዓቱ በዚህ ፍጥነት ሊሠራ የቻለው በአንድ ግምት ምክንያት ነው። የ1978ቱ የሕግ አተረጓጎም ሕግ በአንቀጽ 7 እንደሚደነግገው፣ አድራሻው በትክክል ተጽፎ፣ ክፍያው ተፈጽሞ በፖስታ የተላከ ሰነድ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ በተለመደው የፖስታ ጊዜ እንደደረሰ ይቆጠራል። ደብዳቤው ደርሷል ተብሎ ከተገመተ የተቀባዩ ዝምታ ዕዳውን እንደማመን ይቆጠራል። ለብዙኃኑ ጉዳይ ይህ ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል። ቤት ለለወጠ፣ በሆስፒታል ለተኛ፣ በጋራ በር ውስጥ ፖስታው ለጠፋበት ወይም መኪናውን ሸጦ ምዝገባው ላልተዛወረለት ሰው ግን ግምቱ ሐሰት ነው። በካሜራ ተይዞ የመጀመሪያው የቅጣት ማስታወቂያ ራሱ በፖስታ በሚላክበት ጊዜ አደጋው ይብሳል፤ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ስለሌለ ሰውየው ስለ ቅጣቱ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለምና።

ሕጉ ለዚህ ያዘጋጀው መድኃኒት «ቲ ኢ 9» የተባለው የምስክርነት ቃል ቅጽ ነው። ቅጹ አራት ምክንያቶችን ብቻ ይቀበላል፦ የባለቤት ማስታወቂያው አልደረሰኝም የሚል፣ በጊዜው ተቃውሜ የውድቅ ማስታወቂያ አልተሰጠኝም የሚል፣ ይግባኝ ጠይቄ ምላሽ አላገኘሁም የሚል፣ ወይም ቅጣቱን ከፍዬአለሁ የሚል። መኪናው የቆመው በተፈቀደ ቦታ ነበር፣ ምልክቱ አይታይም ነበር፣ ወይም ሕመምተኛ ለማውረድ ነው የቆምኩት የሚሉት መከራከሪያዎች ምንም ያህል እውነት ቢሆኑ በዚህ ቅጽ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ቅጹ የሚጠይቀው ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሳይሆን የመሰማት ዕድል ተሰጥቶ እንደሆነ ነው። ሐሰተኛ ቃል መስጠትም ፍርድ ቤትን በመድፈር ያስጠይቃል።

የ21 ቀኑ ጊዜ ካለፈ ከቲ ኢ 9 ጋር «ቲ ኢ 7» የተባለ ሌላ ቅጽ ይቀርባል፤ በዚህም አመልካቹ ለምን እንደዘገየ ያስረዳል። ሁለቱ ቅጾች የሚቀርቡት ለማዕከሉ እንጂ ለአስፈጻሚው ድርጅት አይደለም። ማዕከሉ ማመልከቻው መቅረቡን ለአስተዳደሩ ያሳውቃል፤ ውሳኔ እስኪሰጥም አፈጻጸሙ ይገታል። ማመልከቻው ተቀባይነት ካጣ በ14 ቀናት ውስጥ ክፍያ ከፍሎ ጉዳዩን የአውራጃ ዳኛ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። ማመልከቻው ከተፈቀደ የማስከፈያ ትእዛዙ፣ የጭማሪ ማረጋገጫውና ማዘዣው ይሻራሉ። የመጀመሪያው ቅጣት ግን አይሰረዝም፤ ባለቤቱ የተቃውሞና የይግባኝ መብቱን መልሶ ያገኛል፣ ወይም የመጀመሪያውን ቅጣት ይከፍላል። ብዙ ሰዎች ይህን ባለመረዳት ማመልከቻው ሲፈቀድላቸው ነገሩ አለቀ ብለው ቀጥሎ የሚመጣውን ደብዳቤ ችላ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሂደቱ ከመጀመሪያው ይደገማል።

6. በበር ላይ ያለው ሥልጣን

6.1 ስለ ቤት

የእንግሊዝ ሕግ የሰውን ቤት ደጃፍ ከጥንት ጀምሮ በልዩ ጥበቃ ይመለከታል። በ1604 የተወሰነው የሴሜይን ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ማዘዣ የሚመጣ ሹም የመኖሪያ ቤትን በር ሰብሮ እንዳይገባ የሚከለክለውን መርህ አጽንቷል። የ2007ቱ ሕግ በዘመናት የተከማቹትን የልማድ ሕግ ደንቦች በአንድ የተጻፈ ሥርዓት ሲተካ ይህን መሠረታዊ ጥበቃ ጠብቋል፤ አዲሱ ሥርዓት ሥራ ላይ የዋለው ከሚያዝያ 6 ቀን 2014 ጀምሮ ነው። በዚሁ ጊዜ «ቤይሊፍ» የሚለው አሮጌ መጠሪያ በሕጉ ውስጥ «አስፈጻሚ ወኪል» በሚለው ተተካ፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም በአሮጌው ስም ይጠራቸዋል።

ለመኪና ማቆሚያ ዕዳ የመጣ አስፈጻሚ በመጀመሪያው ጉብኝት ኃይል ተጠቅሞ ወደ መኖሪያ ቤት ሊገባ አይችልም። መግባት የሚችለው በበር ወይም በተለመደ መግቢያ፣ ያውም ተከፍቶ ካገኘው ወይም ሰው ካስገባው ነው፤ በመስኮት መግባት አይፈቀድለትም። የሚመጣበትም ሰዓት በመርህ ደረጃ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የተወሰነ ነው። በቤት ውስጥ ያለው ብቸኛ ሰው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ከሆነ ንብረት መያዝ አይችልም። ከመምጣቱ በፊትም የአፈጻጸም ማስጠንቀቂያ ልኮ፣ በ2013ቱ ደንብ መሠረት ቢያንስ 7 ሙሉ ቀናት መስጠት ይኖርበታል። በወንጀል ለተወሰነ መቀጮ የሚመጣ አስፈጻሚ ግን የተለየ ሥልጣን ስላለው ሁለቱን መቀላቀል አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። ባለዕዳው አስፈጻሚውን አስገብቶ የንብረት ቁጥጥር ስምምነት ከፈረመ፣ ንብረቱ በቤቱ እንደቆየ ዕዳውን በየጊዜው ለመክፈል ይስማማል። ስምምነቱን ቢያፈርስ ግን አስፈጻሚው አስቀድሞ አስታውቆ በተመጣጣኝ ኃይል ተመልሶ ሊገባ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ያልነበረው ሥልጣን በራሱ በባለዕዳው ፊርማ ይፈጠራል ማለት ነው።

6.2 ስለ መኪና

ቤቱን የጠበቀው ደጃፍ መኪናውን አይጠብቅም። አስፈጻሚው የባለዕዳውን መኪና በቤቱ ግቢ ወይም በሕዝብ መንገድ ላይ ሊይዝ ይችላል። በሌላ ሰው የግል ይዞታ ውስጥ ያለን መኪና ለመያዝ ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በተግባር አብዛኛው ፍጥጫ የሚነሣው በሳሎን ሳይሆን በመንገድ ዳር የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

መኪናው ጎማው ላይ መቆለፊያ ከታሰረበት አስፈጻሚው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማኖርና መኪናውን ከማንሣቱ በፊት ቢያንስ 2 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ከተወሰደም በኋላ ከሽያጩ በፊት ቢያንስ 7 ሙሉ ቀናት ማለፍ አለባቸው። የሚያዘው ንብረት ዋጋ ከዕዳውና ከወጪው መብለጥ የለበትም፤ ይሁን እንጂ አነስተኛ ዋጋ ያለው በቂ ንብረት ካልተገኘ ውድ መኪና ለትንሽ ዕዳ ሊያዝ ይችላል። መቆለፊያውን ቆርጦ መኪናውን መውሰድ ወይም አስፈጻሚውን ሆን ብሎ ማደናቀፍ በአባሪ 12 አንቀጽ 68 ወንጀል ነው። በፍትሐ ብሔር ዕዳ የተጀመረ ነገር ባለቤቱ በቁጣ በሚወስደው እርምጃ ወደ ወንጀል ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ሊያዙ የማይችሉ መኪኖችም አሉ። የጸና የአካል ጉዳተኛ መለያ የተለጠፈበት መኪና አይያዝም። ባለዕዳው ለሥራው፣ ለንግዱ ወይም ለትምህርቱ በግሉ የሚገለገልባቸው አስፈላጊ መሣሪያዎች፣ መኪናን ጨምሮ፣ ጠቅላላ ዋጋቸው ከ1,350 ፓውንድ እስካልበለጠ ድረስ የተጠበቁ ናቸው። ይህ ጣሪያ በታክሲ ሥራ ለሚተዳደር ሰው እምብዛም ጥላ አይሆነውም፤ ለመንገደኛ ማመላለሻ ብቁ የሆነ መኪና በዚህ ዋጋ ስለማይገኝ፣ ጥበቃው በጽሑፍ እያለ በተግባር ይሰወራል። በለንደን በዚህ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሾፌሮች እንዳሉ ለሚያውቅ አንባቢ፣ መኪናው የተያዘበት ሰው መጓጓዣውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውን የሚከፍልበትን ገቢም እንደሚያጣ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የሌላ ሰው ንብረት ነው። አስፈጻሚው ሊይዝ የሚችለው የባለዕዳውን ንብረት ብቻ ነው። መኪናው የትዳር ጓደኛ፣ የአሠሪ ወይም ክፍያው እስኪያልቅ ባለቤትነቱን ይዞ የሚቆይ የብድር ድርጅት ከሆነ፣ እውነተኛው ባለቤት መብቱን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ክፍል 85 መሠረት በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላል፤ ይህም በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ መኪናው በተነሣ በ7 ቀናት ውስጥ መሆን አለበት። የመዝገብ ሰነዱ ብቻውን ባለቤትነትን ስለማያረጋግጥ የግዢ ደረሰኝ፣ የባንክ ዝውውርና የብድር ውል ወሳኝ ማስረጃዎች ናቸው። በክፍል 3 የታየው ልዩነት እዚህ ላይ ተገልብጦ ይመጣል፦ ለቅጣቱ ተጠያቂ ያደረገው ምዝገባ ለንብረቱ ባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ አያገለግልም።

6.3 ስለ ክፍያና ስለ ቁጥጥር

የ2014ቱ ደንብ ክፍያዎቹን በደረጃ የወሰነው አስፈጻሚዎች ቀድሞ ለጉብኝት፣ ለደብዳቤና ለመኪና ማንሻ እየነጣጠሉ ያስከፍሉ የነበረውን ለማስቀረት ነው። በአንድ ሰው ላይ ብዙ ማዘዣዎች በአንድ ጊዜ ሊፈጸሙ የሚችሉ ከሆነ፣ በተግባር እስከተቻለ ድረስ፣ የጉብኝቱና የሽያጩ ደረጃ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ ይታሰባል፤ የመጀመሪያው የ75 ፓውንድ ክፍያ ግን ለየማዘዣው ነው። ባለዕዳው ተጋላጭ ሰው ከሆነና ምክርና እርዳታ የሚያገኝበት በቂ ዕድል ካልተሰጠው የጉብኝቱ ደረጃ ክፍያ አይጠየቅም። በሌላ በኩል ጉዳዩ ወደ አስፈጻሚው ከተላለፈ በኋላ የመጀመሪያውን ቅጣት ብቻ በቀጥታ ለአስተዳደሩ መክፈል ማዘዣውን አያስቀርም፤ የተጨመሩት ክፍያዎች እንዳሉ ይቀጥላሉ።

አስፈጻሚው በአውራጃ ፍርድ ቤት ለ2 ዓመት የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ሲጠየቅም ማንነቱንና ሥልጣኑን የማሳየት ግዴታ አለበት። ሕጉን የጣሰ አስፈጻሚ የያዘውን ንብረት እንዲመልስ ወይም ካሣ እንዲከፍል በአባሪ 12 አንቀጽ 66 መሠረት ፍርድ ቤት ማዘዝ ይችላል። ለሥራው ብቁ አይደለም የሚል አቤቱታም የምስክር ወረቀቱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ይቀርባል። አስተዳደሩ በወኪሉ ሥራ ተጠያቂ ስለሆነ ቅሬታው በቅድሚያ ለእርሱ፣ ቀጥሎም ለአካባቢ አስተዳደርና ማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ሊቀርብ ይችላል። በ2022 የተቋቋመው የአፈጻጸም ሥነ ምግባር ቦርድም የዘርፉን አሠራር ይከታተላል፤ ቦርዱ ግን በሕግ የተቋቋመ ሳይሆን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው።

7. ከኢትዮጵያ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጋር አጭር ንጽጽር

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በሌላ መንገድ ይፈታል። በቁጥር 78 መሠረት በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ቁጥር 404 ሊከበሩ የማይችሉ ንብረቶችን ይዘረዝራል። ቁጥር 418 ደግሞ በሌላ ሰው ዕዳ ንብረቱ የተያዘበት ሰው የሚያቀርበውን ተቃውሞ ያስተናግዳል። የምስክርነት ቃሉ፣ የተጠበቁት ንብረቶችና የሦስተኛ ወገን አቤቱታ በሁለቱም ሥርዓቶች አቻ አላቸው።

ሁለት ልዩነቶች ግን ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ጊዜው የሚቆጠርበት መነሻ ነው። የኢትዮጵያው ሕግ አንድ ወሩን የሚቆጥረው ሰውየው ካወቀበት ቀን ሲሆን፣ የእንግሊዙ የ21 ቀን ገደብ የሚቆጠረው ትእዛዙ ደርሷል ተብሎ ከሚገመትበት ቀን ነው፤ በእውነት ያላወቀው ሰው የሚስተናገደው በዘገየ ማመልከቻ ነው። ሁለተኛው፣ ቁጥር 78 የሚያነሣው አንድ ዳኛ የከሳሽን ማስረጃ አይቶ የሰጠውን ፍርድ ነው፤ በኖርታምፕተን የሚሻረው ግን ከመዝገብ የወጣ ትእዛዝ ነው። በዚህኛው ዳኛ ጉዳዩን ሳያየው ንብረት ሊያዝ ስለሚችል፣ የማንሻው በር ከሌላው ይልቅ ሰፊ መሆን ነበረበት ብሎ መከራከር ይቻላል።

8. ከትንተናው የሚመነጩ ተግባራዊ ነጥቦች

አስፈጻሚ የመጣበት የመኪና ባለቤት በቅደም ተከተል ሊያጣራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ በሩን ሳይከፍት የመጣው ሰው የተመሰከረለት አስፈጻሚ መሆኑንና ማዘዣው የአካባቢ አስተዳደር ቅጣት መሆኑን ይጠይቅ። ቀጥሎ የቅጣቱን ቁጥር፣ ማዘዣው የወጣበትን ቀንና በላዩ ያለውን አድራሻ ይመዝግብ፤ አድራሻው አሮጌ ከሆነ ማስታወቂያዎቹም ወደዚያው ሳይሄዱ አልቀረምና። ከአራቱ ምክንያቶች አንዱ እውነት ከሆነ ሁለቱን ቅጾች በዕለቱ ለማዕከሉ ይላክ፤ ላኩ የሚያሳይ ማስረጃም ያስቀምጥ። ምክንያት ከሌለው ግን ክፍያው ወደሚቀጥለው ደረጃ ከመሸጋገሩ በፊት ለመክፈል ወይም በየጊዜው ለመክፈል መስማማት ዕዳውን ይገድበዋል። መኪናው እንዳይወሰድበት ሲል በተቃውሞ የከፈለ ሰውም የመቃወሚያ መብቱን በገዛ ፈቃዱ እንዳልተወ በጽሑፍ ማሳወቁ ተገቢ ነው። እንደ ሲቲዝንስ አድቫይስና ናሽናል ዴትላይን ያሉ ተቋማት በዚህ ሁሉ ላይ ነጻ ምክር ይሰጣሉ።

9. ማጠቃለያ

የዕዳ አስፈጻሚው ሥልጣን በሰንሰለት የተያያዘ ነው፦ ከማዘዣ ወደ ማስከፈያ ትእዛዝ፣ ከትእዛዙ ወደ ባለቤት ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያው በመዝገብ ላይ ወዳለ አንድ አድራሻ። ሰንሰለቱ የመጀመሪያው ቀለበት ላይ ከተቆረጠ በበር ላይ የቆመው ሰው የያዘው ወረቀት ዋጋ ያጣል። ካልተቆረጠ ግን ባለቤቱ ስለ ጥፋቱ ያለው እውነት በዚያ ሰዓት ሰሚ አያገኝም። ሕጉ ደጃፉን፣ የአካል ጉዳተኛውን መኪናና የሌላውን ሰው ንብረት በዝርዝር ጠብቋል። ያልጠበቀው ደብዳቤ ያልደረሰውና ያ ደብዳቤ መኖሩንም የማያውቅ ሰው ነው፤ ለእርሱ የተዘጋጀው መድኃኒት ሥራ ላይ የሚውለው መኪናው ከተቆለፈ በኋላ ነውና። ወደፊት የሚደረጉ ጥናቶች ማዘዣ ከመውጣቱ በፊት አድራሻን በሌላ ምንጭ የማጣራት ግዴታ ቢጣል፣ የአፈጻጸሙ ፍጥነትና ወጪ ምን ያህል እንደሚለወጥ ቢመረምሩ ጠቃሚ ይሆናል።